እናቷን ልታድን ሄዳ በእስር ቤት ያገኘቻቸው ሐና ሴኔሽ

በየዓመቱ ኢያር 28፣ በእየሩሳሌም ቀን፣ የቤተ እስራኤል አባቶችና እናቶች ወደ ሃር ሄርጽል ይወጣሉ። በሱዳን መንገድ ላይ ቀርተው እየሩሳሌምን ሳያዩ ያለፉትን ወላጆች፣ ልጆችና ወንድሞች እዚያ በቆመው መታሰቢያ ያስባሉ፤ ቄሶች ይጸልያሉ፣ እናቶች ያለቅሳሉ። በዚያው ተራራ ላይ፣ በወታደሮች መካነ መቃብር ውስጥ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጃንጥላ ዘለው ጠላት ወደያዘው አገር የገቡና ያልተመለሱ ሰዎች ቦታ አለ። ከነሱ አንዷ ስትሞት ገና 23 ዓመቷ ነበር። ሐና ሴኔሽ ትባላለች።

ስሟ ለማንም አዲስ አይደለም። የልጅ ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘውት ይመጣሉ፤ በብዙ ከተማ በስሟ የተሰየመ መንገድ አለ። በሾዓ መታሰቢያ ቀን ሬዲዮ ሲከፈት «ኤሊ ኤሊ» እየተባለ የሚጠራው መዝሙር ይሰማል፤ ግጥሙ የእሷ ነው። መዝሙሩን ሁሉም ያውቀዋል፣ ከበስተጀርባው ያለውን የአንዲት እናትና የአንዲት ልጅ ታሪክ ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ልጁን በሱዳን በኩል ቀድሞ ልኮ ዓመታት ወሬ የጠበቀ፣ ወይም እናቱን ጎንደር ትቶ የመጣ ሰው ይህን ታሪክ ከማንም ይልቅ ይረዳዋል።

ሐና የተወለደችው በ1921 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ነው። አባቷ ቤላ ሴኔሽ ጋዜጠኛና ስመ ጥር የቲያትር ደራሲ ነበሩ። ግን ልባቸው ደካማ ነበርና ገና በወጣትነታቸው፣ ሐና ትንሽ ልጅ ሳለች ሞቱ። እናቷ ወይዘሮ ካታሊን ሁለት ልጆች፣ ሐናንና በአንድ ዓመት የሚበልጣትን ጊዮራን ይዘው ቀሩ። ድሆች አልነበሩም። ቤታቸው መጽሐፍ የሞላበት፣ ቲያትር የሚወራበት ቤት ነበር። አይሁዳዊነታቸውን አልካዱም፣ ግን ሃይማኖት አጥብቀው የሚይዙ ሰዎችም አልነበሩም።

ሐና የተማረችው በፕሮቴስታንቶች የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ስም ነበረው፤ አይሁድንም ይቀበል ነበር። ግን የአይሁድ ልጅ ከፕሮቴስታንት ልጅ ሦስት እጥፍ ይከፍል ነበር። ሐና ጎበዝ ስለሆነች ለሷ ወደ ሁለት እጥፍ ዝቅ ተደረገ፣ ካቶሊኮች የሚከፍሉትን ያህል ማለት ነው። ይህ በዚያ አገር እንደ ትልቅ ውለታ ይቆጠር ነበር። በ1937 ተማሪዎቹ ለሥነ ጽሑፍ ማኅበራቸው ኃላፊነት መረጧት። ወዲያው ግን ለዚህ ቦታ ፕሮቴስታንት መሆን ያስፈልጋል ተባለና ምርጫው ተሰርዞ በሌላ ልጅ ተተካች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሀንጋሪ መንግሥት አይሁድ በየሙያው ሊይዙ የሚችሉትን ቦታ የሚወስን ሕግ አወጣ። እስከዚያ ድረስ ስለ ጽዮን ብዙም የማታስበው ልጅ ዕብራይስጥ መማር ጀመረች፣ የጽዮናውያን ወጣቶች ማኅበርም ገባች። በ17 ዓመቷ ወደ እስራኤል ምድር እሄዳለሁ ብላ ቆረጠች።

ወይዘሮ ካታሊን አልወደዱትም። እንደሷ ያለች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች ብለው ነበር የሚያስቡት፤ እሷ ግን የእርሻ ትምህርት ቤት ልግባ አለች። ወንድሟ ጊዮራ በዚያን ጊዜ ለትምህርት ፈረንሳይ ነበር። ሐና ስትሄድ እናት ብቻቸውን ቀሩ። በሴፕቴምበር 1939፣ ጦርነቱ በተጀመረበት ወር፣ ሐና እስራኤል ምድር ደረሰች። ያኔ የ18 ዓመት ልጅ ነበረች።

በናሃላል የሴቶች የእርሻ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ቆየች። ላም ማለብ፣ በረት መጥረግ፣ ዶሮ ማርባት ተማረች። ይህ ለጎንደር ገበሬ ልጅ ወሬ አይደለም፤ ሰባት ዓመት ሲሞላው የሚያውቀው ነገር ነው። ለቡዳፔስት የደራሲ ልጅ ግን ዓለም የተገለበጠ ያህል ነበር። ከዚያ በ1941 በቄሳርያ ፍርስራሽ አጠገብ፣ ባሕር ዳር ላይ፣ አዲስ እየተቋቋመ ወደነበረው ወደ ስዶት ያም ኪቡትስ ገባች። እዚያ የተሰጣት ሥራ ወጥ ቤትና ልብስ ማጠቢያ ነበር። የባሕሩን ግጥም የጻፈችው እዚያ ሳለች፣ በ1942 መጨረሻ ላይ ነው። ማስታወሻ ደብተሯን መጀመሪያ በሀንጋሪኛ፣ በኋላ በዕብራይስጥ ትጽፍ ነበር። ለሰው የማትናገረውን ብቸኝነት እዚያ ላይ ታፈስ ነበር፤ ካልሲ እያጠብኩ ዕድሜዬ ሊያልቅ ነው ወይ የሚለው ጥያቄም አልለቀቃትም።

ጀግና ተብሎ ስሙ ከፍ ያለ ሰው ሲታሰብ ከልጅነቱ ጀምሮ የማያወላውል ይመስላል። ሐና እንዲህ አልነበረችም። ትጠራጠር ነበር፣ ትናፍቅ ነበር። ከሁሉም በላይ እናቷን አደጋ ላይ ትታ መምጣቷ ይከነክናት ነበር። ከአውሮፓ የሚመጣው ወሬ ሲከፋ፣ በ1943 መጀመሪያ ላይ ወደ ሀንጋሪ ተመልሳ ወጣቶች እንዲወጡ ልትረዳና እናቷንም ልታመጣ አሰበች። ብዙም ሳይቆይ እንዲህ ዓይነት ዕቅድ በእውነት እንዳለ ሰማች። ፓልማህና የአይሁድ ኤጀንሲ ከእንግሊዞች ጋር ተስማምተው፣ ከአውሮፓ የመጡ ወጣቶችን ቋንቋቸው ወደሚነገርበት አገር በጃንጥላ ሊጥሉ ነበር።

ሁለቱ ወገኖች የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፣ የፈለጉት ግን ሁለት ነገር ነበር። እንግሊዞች የፈለጉት የወደቁ አብራሪዎቻቸውን ከጠላት መሬት የሚያወጣላቸውና በሬዲዮ መረጃ የሚልክላቸው ሰው ነው። አይሁዶቹ የፈለጉት ወገኖቻቸውን የሚያድን፣ ቢያንስ እስራኤል ምድር እንዳልረሳቻቸው የሚነግራቸው ሰው ነው። በመጨረሻ 37 ያህል ሰዎች ተላኩ። በመካከላቸው ጥቂት ሴቶች ነበሩ። ከስሎቫኪያ የመጣችው ሃቪቫ ራይክ ወደ ትውልድ አገሯ ተመልሳ ከሕዝባዊው አመፅ ጋር ቆየች፣ ከዚያም ተይዛ በኖቬምበር 1944 ተረሸነች። ሱሪካ ብራቨርማን ደግሞ ዩጎዝላቪያ ደርሳ በሕይወት ተመለሰች፤ በኋላ በጻሃል የሴቶችን ክፍል ካቋቋሙት አንዷ ሆነች። እስከ 2013 ኖራለች።

ሐና የእንግሊዝ አየር ኃይል ልብስ ለበሰች፣ ሬዲዮና ጃንጥላ ተማረች። ወደ ግብፅ ልትሄድ ጓዟን ስታስር ያልታሰበ ነገር ሆነ። ወንድሟ ጊዮራ ከፈረንሳይ በተራራ አቋርጦ ስፔን ገብቶ ነበርና ከዚያ በመርከብ እስራኤል ምድር ደረሰ። ከተለያዩ ዓመታት አልፈዋል። የተሰጣቸው ጊዜ ግን በጣም አጭር ነበር። የት እንደምትሄድ ልትነግረው አልተፈቀደላትም፤ እሱም የእህቱን የወታደር ልብስ እያየ ነገሩ ሳይገባው ተሰነባበቱ። ከዚያ በኋላ አልተገናኙም።

በማርች 14 ቀን 1944 ሌሊት ዩጎዝላቪያ ላይ ዘለለች። እዚያ በጫካና በተራራ ጀርመኖችን የሚወጉ ሰዎች ነበሩ፤ በአውሮፓ ፓርቲዛን ይባላሉ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በኢትዮጵያ አርበኛ ይባል እንደነበረው ማለት ነው። በመካከላቸው ሴቶች ጠመንጃ ይዘው ይዋጉ ነበርና የሐና መምጣት አላስገረማቸውም። ከነሱ ጋር ሦስት ወር ያህል በእግር ተጓዘች፣ ከጀርመን ዘመቻ አብራቸው ሸሸች።

ግን ከዘለለች ገና አምስት ቀን ሳይሞላ፣ በማርች 19፣ ጀርመን ሀንጋሪን ያዘች። ሐና ወሬውን ስትሰማ አለቀሰች ይላሉ አብረዋት የነበሩት። ለራሷ አልነበረም ያለቀሰችው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሀንጋሪ አይሁድ ተጨቁነዋል፣ በግዳጅ ሥራ ብዙ ሞተዋል፣ ግን አብዛኛው ሕዝብ በሕይወት ነበር። አሁን በሩ ተዘጋ። ከሜይ 15 ጀምሮ በባቡር ወደ አውሽዊትዝ ይጫኑ ጀመር፤ ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላ ከ430,000 በላይ ሰው ተጋዘ።

ጓደኞቿ ትንሽ እንታገስ አሉ። አሁን ድንበር መሻገር ራስን መግደል ነው ያሉም ነበሩ፣ እውነታቸውንም ነበር። ሐና ግን መጠበቅ አልቻለችም። በጁን መጀመሪያ ላይ ከጥቂት ሰዎች ጋር ድንበሩን ተሻገረች። ወዲያው የሀንጋሪ የገጠር ፖሊሶች ደረሱባቸው። ከመንገደኞቹ አንዱ ተደናግጦ በያዘው ሽጉጥ ራሱን ገደለ፤ በዚህ ጊዜ አካባቢው ሁሉ ተፈተሸና ሬዲዮው ተገኘ።

ሬዲዮ ማግኘት ብቻውን ለጠላት አይበቃም። መልእክት የሚላከው በኮድ ነው፣ ኮዱን የምታውቀው ደግሞ እሷ ናት። ኮዱን ቢያገኙ በሷ ስም እየላኩ እንግሊዞችን ሊያታልሉ፣ አውሮፕላንና ሰው ወደ ወጥመድ ሊጠሩ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ለቀናት ደበደቧት። አስረው ገረፏት፣ ጥርሷ ወለቀ። አልተናገረችም። ስሟን ብቻ አወቁ፤ በስሟ ደግሞ እናቷን አገኙ።

ወይዘሮ ካታሊን በዚያን ጊዜ እዚያው ቡዳፔስት ቤታቸው ነበሩ፣ ቢጫ ኮከብ ልብሳቸው ላይ ሰፍተው። ልጃቸው ቄሳርያ ባሕር ዳር በሰላም ትኖራለች ብለው ያስባሉ። በጁን 17 አንድ ፖሊስ መጥቶ ለምስክርነት ትፈለጊያለሽ ብሎ ወታደራዊ ወህኒ ቤት ወሰዳቸው። መርማሪው ስለ ልጃቸው ብዙ ጠየቃቸው፤ የት ናት አላቸው። እስራኤል ምድር ኪቡትስ ውስጥ ናት አሉ። ከዚያ በሩ ተከፈተና አራት ሰዎች አንዲት ሴት ይዘው ገቡ። ፀጉሯ ተበታትኗል፣ ፊቷ አብጦ ጠቁሯል፣ ከጥርሶቿ አንዱ የለም።

ልጃቸው ነበረች። ከአምስት ዓመት በኋላ የተገናኙት እንዲህ ነው። ሐና ከያዟት ሰዎች እጅ ተስፈንጥራ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመችና ይቅርታ ለመነቻቸው። እናት ነገሩ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ይቅር የሚባለው ምን እንደሆነም አላወቁም። መርማሪው እናትየው ልጃቸውን እንዲያስለፍልፉ አዘዘ፤ ካልተናገረች ዳግም አትተያዩም አለ። ወይዘሮ ካታሊን ሚስጥሩን ባያውቁም ልጃቸው ዝም ካለች በቂ ምክንያት ይኖራታል ብለው አልገፏትም።

የዚህ ታሪክ ከባዱ ቦታ ይህ ነው። ሐና በግርፋት አልተናገረችም፤ ይህን ብዙ ጀግና አድርጎታል። በእናት ግን የሚፈተን ሰው ጥቂት ነው። ወደ ሀንጋሪ ከመጣችበት ምክንያት አንዱ እኒህን እናት ማዳን ነበር፤ አሁን በሷ ምክንያት ገዳዮች እጅ ገብተዋል። ኮዱን ብትሰጥ ሊለቋቸው ይችላሉ፣ ወይም ቃላቸውን በልተው ይገድሏቸዋል። ብትሰጥ ደግሞ የማታውቃቸው ሌሎች ሰዎች፣ የሌሎች እናቶች ልጆች፣ ከሰማይ ወደ ወጥመድ ይወርዳሉ። እናቷን እያየች ዝም አለች። ቀላል ነበር የሚል ሰው እናት የሌለው ነው።

እናትም ታሰሩ። ሦስት ወር ያህል በአንድ ወህኒ ቤት፣ በተለያየ ክፍል ቆዩ። የሐና ክፍል ከላይ ነበር። በመስኮት ቆማ በጣቷ በአየር ላይ ትልልቅ ፊደል ትጽፍ ነበር፤ በኋላ ከወረቀት ፊደል እየቆረጠች በመስኮቱ ታሳይ ጀመር። የእስረኛው ሁሉ ጋዜጣ እሷ ሆነች። ለምርመራ ስትወሰድ ውጭ የሰማችውን ወሬ ትነግራቸው ነበር። ከወረቀትና ከጨርቅ አሻንጉሊት ትሠራለች፣ ለእናቷም ትልካለች፤ ለታሰሩ ሕፃናት ፊደል ታስተምራለች። አንዳንድ ጊዜ ጠባቂዎቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ እናትና ልጅ ለደቂቃዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። እነዚያ ደቂቃዎች ለወይዘሮ ካታሊን የዕድሜ ልክ ስንቅ ሆነዋል።

ከሷ በኋላ ድንበር የተሻገሩት ጓደኞቿ ዮኤል ፓልጊና ፔሬጽ ጎልድስታይንም ተያዙ። ፓልጊ በኋላ ከባቡር ላይ አምልጦ ተረፈ፣ ጎልድስታይን በጀርመን ካምፕ ሞተ።

በሴፕቴምበር ወይዘሮ ካታሊን ኪሽታርቻ ወደሚባል ካምፕ ተዛውረው ከዚያ ተለቀቁ። የሀንጋሪ መሪ ከጀርመን ለመላቀቅ እየሞከረ ነበርና ነገሩ የሚቀል መሰለ። እናት ጠበቃ ፈለጉ፣ ገንዘብ ፈለጉ፣ በር አንኳኩ። በቡዳፔስት ከጀርመኖች ጋር ይደራደር የነበረውን የአይሁድ የማዳን ኮሚቴ መሪ ሩዶልፍ ካስትነርን ለማግኘት ቢሮው ደጋግመው ሄደው አልተሳካላቸውም። ይህን ከአሥር ዓመት በኋላ እስራኤል ውስጥ፣ በ1954 በተጀመረውና አገሩን ሁሉ ባናወጠው የካስትነር ክርክር ላይ ቀርበው መስክረዋል። ክርክሩ ብዙ ገጽ ያለው ነው፤ ዳኞችም ሳይስማሙ የቀሩበት ነው። የእናቲቱ ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነበር። ልጄ ለወገን መጥታ ስትታሰር ለምን ማንም ምግብ እንኳን አልላከላትም?

በኦክቶበር 15 ቀስተኛ መስቀል የሚባሉት የሀንጋሪ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። ተስፋው ጠፋ። በኦክቶበር 28 ሐና በአገር ክህደት ተከሳ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበች። ዳኞቹ ፊት ቆማ አገር የከዳሁት እኔ ሳልሆን ሕዝባቸውን ለጀርመን የሸጡ መሪዎች ናቸው የሚል ትርጉም ያለው ንግግር አደረገች። እናት ከችሎቱ በኋላ በአገናኝ መንገዱ ለአፍታ አገኟት። ፍርዱ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። የሩሲያ ጦር ወደ ከተማው እየተቃረበ ስለነበር ባለ ሥልጣኖቹ ግማሾቹ ሻንጣቸውን እያሰሩ ነበር። ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ ልትተርፍ ትችል ነበር።

በኖቬምበር 7 ቀን 1944፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 28 ቀን 1937፣ አቃቤ ሕጉ ካፒቴን ሲሞን ክፍሏ ገብቶ ሞት እንደተፈረደባት ነገራት፤ ምህረት ትጠይቂያለሽ ወይ አላት። ከገዳይ ምህረት አልለምንም ብላ እምቢ አለች። በግቢው ውስጥ ተረሸነች። ዓይኗን ሊሸፍኗት ሲሉ አልተቀበለችም።

በዚያው ቀን ወይዘሮ ካታሊን ልጃቸውን ለማየት ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ሲሞን ቢሮ ሄደው ነበር። እዚያው ነው የነገራቸው፣ ሁሉም ነገር አልቋል ብሎ። ልጅቷ ምህረት አልጠይቅም እንዳለችና እንዴት እንደቆመች ሲናገር፣ የገደላት ሰው ራሱ መገረሙን ሊደብቅ አልቻለም። በልብሷ ኪስ ውስጥ ለእናቷ የተጻፈ ትንሽ ወረቀት ተገኘ።

በዚያ ወር የቡዳፔስትን አይሁድ በእግር ወደ ኦስትሪያ እየነዱ ሲወስዷቸው ወይዘሮ ካታሊንም ተያዙ፤ ከሰልፉ አምልጠው ሩሲያዎች እስኪገቡ ድረስ ተደብቀው ተረፉ። በ1945 እስራኤል ምድር ደርሰው ልጃቸውን ጊዮራን አገኙት። ስዶት ያም ውስጥ በሐና ሻንጣ ግጥሞቿና ማስታወሻ ደብተሯ ተገኝተው በ1946 ታተሙ። አገር ሁሉ ያወቃት ከዚያ በኋላ ነው።

በወታደር ሂሳብ ተልዕኮዋ አልተሳካም። ከሀንጋሪ አንድም መልእክት አልላከችም፣ ከባቡር ላይ ያወረደችው ሰው የለም። ለምን ተላኩ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይነሳል፣ ያነሱትም ሰዎች ክፉ አይደሉም። ግን ኮዱ ከሷ ጋር ተቀበረ።

አፅሟ በ1950 ከቡዳፔስት መጥቶ ሃር ሄርጽል ላይ አረፈ። በዕብራይስጥ አቆጣጠር የሞተችበት ቀን ሄሽቫን 21 ነው፣ ከስግድ በዓል ስምንት ቀን ቀድሞ ይውላል። ቡዳፔስት የነበረው የመጀመሪያው የመቃብር ድንጋይ በ2007 ወደ ስዶት ያም ተወሰደ፣ ልብስ ታጥብበት ወደነበረው ኪቡትስ። በ1993 ደግሞ የሀንጋሪ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነገሩን መርምሮ ከአገር ክህደት ክስ ነፃ ናት ብሎ ፈረደ። የፍርዱን ወረቀት ቤተሰቧ ተቀበለ። ወይዘሮ ካታሊን ግን አልደረሱበትም፤ ልጃቸውን 48 ዓመት ተርፈው በ1992 አርፈው ነበር።